ዳማከሴ ነው የተባለው ቅጠል

ወይዘሮ አሰለፈች መድኃኒታቸውን በስሙ አይጠሩም። ጎህ ሳይቀድ ከአጥር ጥግ ቀንጥሰው፣ መንገድ ላይ ሰላም ቢሏቸውም ሳይመልሱ፣ ማንም እንዳይለየው በመዳፋቸው አድቅቀው ነው የሚያመጡት። ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ብለው እናታቸው አስምለዋቸዋል። የምች መድኃኒታቸው ዳማከሴ መሆኑን ግን የመልካሳ ሰው በሙሉ ያውቃል፤ ምስጢር የሚመስለው ለእሳቸው ብቻ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ምች ለመታው ጎረቤታቸው ለጉቱ ጨምቀው በቡና አጠጡት። ረፋዱ ላይ ጉቱ ፊቱ ቀልቶ፣ አፉ ደርቆ፣ ሚስቱን ደራርቱን "አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?" አላት። ደራርቱና ወይዘሮ አሰለፈች በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱት።

"ምን ወሰደ?" አለ የጤና ባለሙያው።

"ዳማከሴ ነዋ! አዴ አሰለፈች ሌላ ምን ያውቃሉ?" አለች ደራርቱ፤ ፈርታም ምላሷ አያርፍም።

"ዳማከሴማ እንዲህ አያደርግም። ወባ ይሆናል፤ ደሙ ይመርመር።"

ወይዘሮ አሰለፈች አግዳሚው ላይ ሆነው ጉቱን ያዩታል። ከአየር ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል። እንዲህ ያለ ዓይን በልጅነታቸው አንዴ አይተዋል፤ ሰውየው አልተረፈም። በጨለማ ቅጠል የሚለዩት በጠረኑ ነው፤ ሰሞኑን ግን ጉንፋን አፍንጫቸውን ደፍኖታል። እዚያ አጥር ሥር ደግሞ ያን ሰው የገደለው መርዘኛ ቅጠል፣ ባለ ነጭ አበባው አስተናግር፣ ከዳማከሴው ጋር ተጠላልፎ በቅሏል።

መዳፋቸውን አሸተቱ። ምንም የለም።

"ደራርቱ፣ እስቲ እጄን አሽቺልኝ።"

"አሁን እጅ የሚሸተትበት ጊዜ ነው?"

"አሽቺ አልኩሽ! ዳማከሴ፣ ዳማከሴ ይላል?"

ስሙን ከእሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም፤ ደራርቱ ያኔ ነው የደነገጠችው። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ይከረፋል... አዴ፣ ይሄ ዳማከሴ አይደለም።"

ዝም ቢሉ ወባ ገደለው ተብሎ ይቀበራል፤ ደራርቱም ብትሆን ቅጠሉ ምን እንደሆነ አታውቅም። ቢናገሩ ገዳይ ይባላሉ። ተነሥተው የባለሙያውን በር ገፉ።

"ልጄ፣ አስተናግር ነው። ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"

ባለሙያው ስልኩን አንሥቶ አዳማ ሆስፒታል ደወለ፤ አምቡላንስ ተጠራ።

"ስንት ቅጠል ነበር፣ እናቴ? በደንብ ያስቡ።"

ደራርቱ ቀና ብላ ሳታያቸው፣ "አብረውን ይሄዳሉ፤ እዚያም ይጠይቁዎታል" አለች።

ወይዘሮ አሰለፈች አምቡላንሱ ውስጥ የቀነጠሱትን ቅጠል በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሁለቱም ጊዜ የተለያየ ቁጥር መጣባቸው።