ሆዚያ በእሁድ ሱፉ

ባሌ ሆዚያ ካሜራ ሲያይ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ነበር። ምክንያትም ነበረው። ከተማ ያለው መድኃኒት ቤት የአጎቱን ፎቶ ፖስትካርድ አድርጎ ይሸጥ ነበር፤ አጎቱ ሱሪው ተቀዶ፣ በባዶ እግሩ ቁጭ ብሎ ሐብሐብ ሲገምጥ። ማን እንዳነሳው እንኳ አያውቅም። ነጮቹ እየገዙ ለዘመዶቻቸው ይልኩታል፣ ከሥሩም በጥቁሮች ላይ የሚያፌዝ የማይረባ ቀልድ ተጽፎበታል። አጎቱ እስኪሞት ድረስ በዚያ መንገድ አላለፈም።

ስለዚህ ያን ነሐሴ መንግሥት ልኮት ከዋሽንግተን የመጣ ፎቶ አንሺ መኪናውን ከትምባሆ ማድረቂያው ቤት ጎን ሲያቆም፣ ሆዚያ ማድረቂያው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ተሰወረ። እኛ ሴቶቹ እታች ቅጠሉን በዘንግ ላይ እንቋጥራለን። ወንዶቹ ውስጥ ገብተው፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተጋደሙት ምሰሶዎች ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ቆመው፣ ዘንጉን እየተቀባበሉ እስከ ጣራው ድረስ ይሰቅሉታል። የላይኛው ምሰሶ የሆዚያ ነበር። እዚያ ሙቀት ውስጥ ሌላ ሰው አይበረክትም።

ፎቶ አንሺው ሚስተር ዊትኮም ይባላል። ቀጭን፣ መነጽሩ በላብ የሚደበዝዝበት ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ ራሱ ግራ አጋባን። አማቴን፣ እማማ ዚልፋን፣ «እመቤት» ብሎ ሲጠራቸው ማን መጣ ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«ሥራችሁን ቀጥሉ» አለን። «እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ።»

«እንዲህ እንደ በርበሬ ቀልቶ እንዴት ነው የሌለ የሚመስለው?» አሉ እማማ በጉሮሯቸው፤ ሳቄን ዋጥኩ።

እጃችንን አነሳ፣ በቅሎዋን አነሳ፣ የውሃ ባልዲውን ሳይቀር አነሳ። ከዚያ ማድረቂያው ውስጥ ገብቶ ካሜራውን ወደ ላይ ቀጥ አደረገው። ሆዚያ ቅጠሉን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገ።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን የበቆሎ ዳቦ እየበላን ሳለ ሰውዬው መጥቶ ከሆዚያ ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚስተር ፔቲፎርድ፣ ፎቶዎን ባነሳ ይፈቅዱልኛል?»

ሆዚያ ማኘኩን አቆመ። «ሚስተር» ብሎት የሚያውቅ ነጭ የለም። ፈቃድ የጠየቀውማ ጨርሶ የለም። ገፍቶ የወጣውን ሆዴን አየት አደረገ።

«ብፈቅድ አንድ ለኔ ይሰጡኛል?»

«ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ልብሴን ልቀይር።»

ሚስተር ዊትኮም ተቁነጠነጠ። «ኧረ እንዳሉ ይሻላል። እኔ የምፈልገው የዕለት ኑሯችሁን ነው።»

«የዕለት ኑሮዬን ውስጥ አንስተውታል» አለ ሆዚያ። «ይኼ ለልጄ ነው።»

የትምባሆ ሙጫ በውሃና በሳሙና አይለቅም፤ ጥሬ ቲማቲም ይዞ እጁን ሲፈትግ ቆየ። ጥቁሩን የእሁድ ሱፉን ለበሰ፣ ክራባቱን እኔ አሰርኩለት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ከማድረቂያው በር ላይ ልክ እንደ ሰባኪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው ፈገግ ብትል፣ ሬሳ ልትገንዝ የመጣህ ነው የምትመስለው!» አሉት እማማ ዚልፋ።

ሆዚያ ከት ብሎ ሳቀ፣ ካሜራው ቀጭ አለ። ባሌ በዕድሜው ወዶና ፈቅዶ የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነው።

መስከረም ሳይገባ ሞተ። የላይኛውን ምሰሶ ምስጥ እንደበላው ለባለመሬቱ ነግሮት ነበር፤ «ሰብሉ ይግባና እንቀይረዋለን» አለው። ስብራቱን ሰማሁት። እኔ በሩ ላይ ቅጠል እየቋጠርኩ ነበር። በፊቱ ነው የወደቀው። ሰዎቹ ያዙኝና እንዳላየው አደረጉ፣ የሬሳ ሳጥኑም ተዘግቶ ሄደ። ሱፉን አልብሰው ቀበሩት።

ከዚያ በኋላ እኔና እማማ ያለን ተስፋ አንድ ነገር ነበር። ልጁ ሲወለድ የአባቱን ፊት የሚያይበት ያ ፎቶ አለ። «ሰውዬው ቃሉን ሰጥቷል» ይላሉ እማማ፣ የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር። እኔ ቃል የሚባል ነገር ብዙም አላምንም፤ ይኼን ግን አመንኩ።

ቃሉን ጠበቀ። የደረቀውን ቅጠል ስንመርጥ፣ ፖስታ በብብቱ ሸጉጦ ፈገግ እያለ መጣ። የሆዚያን መሞት አልሰማም። ስነግረው ወንበር ሳይሰጠው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«ያመጡትን ያሳዩኝ» አልኩት።

አንድ ትልቅ ፎቶ አወጣ። መጽሔት ላይ ወጥቷል አለኝ፣ ብዙ ሰው አድንቆታል። ከታች ወደ ላይ የተነሳ ነው። ሁለት የተንፈራጠጡ እግሮች፣ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከዚያ በላይ ሁሉ ቅጠል። ያን ምሰሶ አውቀዋለሁ። ገፋ አደረግኩት።

«በሱፍ ያለውስ?»

ፖስታውን ወደ ብብቱ መለሰ።

«ይዘኸዋል፣ ፖስታው ባዶ አይደለም» አልኩት። እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ፤ ለነጭ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አውጥቶ ሰጠኝ። ሱፉ አለ፣ ክራባቱ አለ፣ በቲማቲም የተፈተጉት እጆች አሉ። ፊቱ መሆን ባለበት ቦታ ላይ ክብ ጥቁር ነገር አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አለቃዬ... የማይፈልገውን ፊልም ይበሳዋል። ሁለተኛ እንዳይታተም። እኔ ግን ቃል ስለገባሁ አተምኩት። ቀዳዳው ሲታተም ጥቁር ሆኖ ይወጣል።»

«ለምን አልፈለገውም?»

«የትምባሆ ገበሬ በሥራ ቀን ሱፍ አይለብስም አለ። እውነተኛ አይደለም አለ።»

«ለብሶ ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ጋ ቆሞ ነበር! እኔ ነኝ ክራባቱን ያሰርኩለት!»

«አውቃለሁ።»

«ፊቱን ለይቶ ምን አድርጎት?»

«ቦታ አይመርጥም። ባገኘበት ነው የሚበሳው።»

እማማ ዚልፋ ተጠጉ። ፎቶውን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ክቡን ዳሰሱት።

«የተበሳው ቁራጭስ የት አለ?» አሉት ቀስ ብለው። «ትንሽም ብትሆን እንወስዳታለን።»

«ተጠርጎ ተጥሏል፣ እመቤት» አለና ማልቀስ ጀመረ። አላሳዘነኝም። ጠላሁት፣ አለቃውን ደግሞ የበለጠ።

ፎቶውን ልጥለው ብል እማማ እንቢ አሉ። «እጁ የልጄ እጅ ነው» ብለው ምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። ኤዝራ ሲወለድ እዚያው ነበር፣ መናገር ሲጀምርም ጣቱን ክቡ ላይ ጭኖ «አባዬ» አለ። እሳቸው አስተምረውት ነው። ምን ልበል?

ባለፈው ሳምንት ከመስክ ስገባ ኤዝራ ከምድጃው ከሰል ወስዶ ግድግዳው ላይ ሥሏል። አያቱን ሥሏል፣ ዐይንና አፍ አላቸው። እኔንም ሥሏል። አጠገባችን ቀጥ ያለ ሰው አቁሞ፣ ጭንቅላቱን ክብ አድርጎ ጥቅጥቅ አድርጎ አጥቁሮታል።

«አይደለም፣ የኔ ልጅ» አልኩት። «አባትህ ፊት ነበረው። ዐይን ነበረው፣ አፍ ነበረው። ና ላሳይህ።»

ጥቁሩን በጨርቅ ጠርጌ ከሰሉን ከእጁ ተቀበልኩና ተንበረከክኩ። ሆዚያን ላስበው ዐይኔን ጨፈንኩ። ሱፉ መጣልኝ፣ ክራባቱ መጣልኝ፣ ከክራባቱ በላይ ክቡ መጣ። እንደገና ጨፈንኩ። ያው ክቡ መጣ።

«ዐይኑ የቱ ጋ ነው?» አለኝ ኤዝራ።