የራቢን መስመሮች

ፓታን ከተማ ባለው ቢሯችን ወጣቱ ባልደረባዬ ፕራጅዋል ያረመውን ኮድ እንድመረምር ላከልኝ። ማንም በነፃ የሚያሻሽለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌራችን አካል ነው፤ ኮዱን መጀመሪያ የጻፈው ሟቹ ባለቤቴ ራቢን ነበር። ፕራጅዋል ስህተቱን በሁለት መስመር ፈትቶታል። ነገር ግን የቀሩትን መስመሮች አጻጻፍም እንደ ደንባችን ስላስተካከለ፣ ከተቀበልኩት በየመስመሩ ጎን እንደ ጸሐፊው የተመዘገበው የራቢን ስም በእሱ ስም ይተካል።

"እርማትና አጻጻፍ አንድ ላይ አይላኩም" አልኩት።

"እትዬ፣ ራቢን ራሱ መቼ ደንብ ያከብር ነበር? ይሄ እኮ አይነበብም!"

"እኔ አነበዋለሁ።"

"እርስዎማ ሚስቱ ነዎት! አዲስ የሚመጡትስ?"

"ለያይተህ ላከው።"

ለያይቶ ላከ። እርማቱን ወዲያው ተቀበልኩ። አጻጻፉን የሚቀይረውን ሁለተኛውን ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከዚያ እሱንም ተቀበልኩት።