ኩምኩም ዲዲ ጂኦግራፊ ውሰጂ አለችኝ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሰፈራችን ራጂንደር ናጋር ውስጥ ደግሞ የማይጠረጥር ሰው አንድ ወር አይከርምም። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሚያጠናው ለዚያው ለመንግሥት ሹመት ፈተና ነው። ልንፈተንበት የመረጥነውን ትምህርት ሌላው እንዳያውቅብን መጽሐፋችንን በጋዜጣ ሸፍነን እንሄዳለን። ለእኔ የመጨረሻ ሙከራዬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ታሪክ መርጬ ደጋግሜ ስለወደቅሁ፣ አሁን ከጂኦግራፊና ከሶሺዮሎጂ አንዱን መውሰድ አለብኝ። ለፈተናው የሚያዘጋጀን ማሠልጠኛ ጋ የሁለቱንም የልምምድ ፈተና ወስጃለሁ፤ ውጤቱ የሚወጣው ግን ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ወይ ጣጣ!

«ሬኑ፣ ጂኦግራፊ ውሰጂ» አለችኝ ኩምኩም ዲዲ፣ ሊቲ ዳቦዋን እየቆረሰች። አብረን ነው የምንኖረው፤ ስለምትበልጠኝ ዲዲ፣ ማለት ታላቅ እህቴ፣ እላታለሁ።

«ሶሺዮሎጂስ ምን አደረገሽ?»

«ተይው አልኩሽ! ምን ዓይነት ደረቅ ነሽ? ታላቅሽን ስሚ።»

«ለምን እንደሆነ ንገሪኛ!»

አፏን በዳቦ ሞላች። እኔን እንዲህ በቀላሉ አታሞኘኝም። ሰው ምክንያቱን የሚደብቀው ለራሱ ሲያስብ ነው።

በማግስቱ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለቴ ዞር ዞር ብላ አየች፤ የሻይ ሻጩ ጋሪ ጀርባ ተደበቅሁ። ከዚያ ማሠልጠኛው ደርሳ ቀጥ ብላ የሶሺዮሎጂ ክፍል ገባች! ደሜ ፈላ። አይ አንቺ ብልጥ፣ ለእኔ ጂኦግራፊ፣ ለራስሽ ሶሺዮሎጂ! እዚያው ቆሜ በስልኬ ሶሺዮሎጂን መርጬ ምዝገባዬን ላክሁ። አንዴ ከተላከ መለወጥ የለም።

ቤት ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኋት።

«ተመዘገብኩ ዲዲ። ሶሺዮሎጂ!»

ትቆጣለች ስል አልጋዋ ላይ ዘፍ አለች። «ምን ነካሽ፣ ሬኑ?»

«ክፍሉ ስትገቢ አይቼሻለሁ። እንዳልፎካከርሽ ፈርተሽ ነው!»

«በምኔ ነው የምትፎካከሪኝ? የመፈተን ዕድሌ ካለቀ ሁለት ዓመቱ። እናቴ እንኳ አታውቅም።»

በሩን ትቼ ወደ አልጋዋ ጠጋ አልኩ።

«እዚያ የምገባው የፈተና ወረቀት ላርም ነው» አለች። «የአንቺም የልምምድ ወረቀቶች፣ ሁለቱም፣ እኔ እጅ ገቡ። ስም ባይጻፍባቸውም እጅ ጽሑፍሽን አጣዋለሁ? ውጤት አስቀድሜ እንደተናገርኩ ቢሰሙ ያባርሩኛል።»

«እና... ስንት አመጣሁ?»

«በጂኦግራፊ የሚደርስብሽ አልነበረም። ሶሺዮሎጂሽን ላሳልፍሽ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አልሆነም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ያቺን ስልክ የነካች እጄን ብቆርጣት ደስ ይለኝ ነበር። ይቅርታ ልላት ፈልጌ አፈርኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር በጋዜጣ የተሸፈኑ መጽሐፎቿን ትጎትት ጀመር።

«ሶሺዮሎጂ ነው፤ ስድስት ጊዜ ጥሎኛል» አለች አቧራውን እያራገፈች። «የት የት ላይ እንደሚጥል ግን አውቃለሁ። ነይ ቁጭ በይ።»