አምስት ጠብታ አዮዲን

እናቴ ፓራስካ በአንድ የበረዶ ወቅት አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነሰች፤ የምትበላው ግን የሁለት ሰው ነበር። በጥር ውርጭ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ድንች ስትልጥ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ይሄዳል። መንደሩ «መጠጥ ጀመረች» አለ። እኔም አመንኩ። ከምኖርበት ከተማ ከጎሜል በመጣሁ ቁጥር ምድር ቤቱን እበረብራለሁ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«የምትደብቂው ቮድካ።»

«ወተት ነው የምጠጣው። እንኪ አሽትቺ!» ብላ ፊቴ ላይ ተነፈሰችብኝ።

በግድ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ የልቧን ምት ቆጠረች፤ በደቂቃ መቶ አርባ። ቀጥላ አንገቷን ዳሰሰች። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት፤ በእኛ ረግረግ አገር ብዙ ሰው አለበት።

«የአንገትዎ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሰውነትዎ ራሱን እየበላ ነው። አዮዲን ይወስዳሉ እንዴ?»

«በየጠዋቱ፣ አምስት ጠብታ በወተት» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «ባለፈው ሚያዝያ በጨረር ተመርዞ የተከለለው ጫካ ከተቃጠለ ወዲህ። የአቶም ጣቢያው የፈነዳ ጊዜም እህቴ ጨረሩን ይከላከላል ብላ ይህንኑ ነበር ያጠጣችኝ።»

«እንቅርት ላለበት ሰው እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው፣ ፓራስካ ሚኮላዬውና። ካላቆሙ ልብዎ አይችልም።»

ቤት ስንገባ ጠርሙሱን ቀማኋት።

«ጣቢያው የፈነዳ ጊዜም ሐኪሞቹ ምንም የለም ብለው በዚያ ዝናብ ለበዓል ሰልፍ አስወጡን» አለች።

«እማ፣ ይቺ ሐኪም ያኔ አልተወለደችም!»

«አስተማሪዎቿ ግን ነበሩ።»

ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። ቁጭ ብዬ ላስረዳት እችል ነበር። አዮዲኑን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁና ሐኪሟ ያዘዘችውን ክኒን ሰጥቻት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

በሚያዝያ ጫካው እንደገና ተቃጠለ። ጎረቤታችን አክስት ስቴፋ ደወለች። «ያድቪሃ፣ ቶሎ ነይ ልጄ። እናትሽ በሌሊት ልብስ ግቢ ወጥታ ከዶሮዎቹ ጋር ትጣላለች።»

ስደርስ ሰውነቷ ይፋጃል፤ ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባዶ የአዮዲን ጠርሙሶች አሉ። የክኒኑ እሽግ አልተከፈተም። አምቡላንሱ ሲመጣ በአንድ እጇ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ። ጭሱ መጥቷል።»

በሌላ እጇ የያዘችው ብርጭቆ ወተት በአዮዲን ቡናማ ሆኗል።

«እማ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ!»

«ጠጪ አልኩሽ!»

ነርሱ ሰዓቱን አየ። ተቀብዬ ጨለጥኩት፤ ብረት ብረት ይላል። ያን ጊዜ መቃኑን ለቀቀች፤ ከንፈሬን በእጅጌዋ ጠረገችልኝና ራሷ መኪናው ላይ ወጣች።

ከመንደሩ መውጫ ያለው ድልድይ ጋ ሳንደርስ ልቧ ቆመ።