የወለተ ሐና ጥምቀት

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በእግዚአብሔር መታመን ለአዳም ልጅ ቀላልና ልዝብ መስሎ የሚታየው መከራው በጎረቤት ደጅ ቆሞ ሳለ ነው፤ ወደ ገዛ ቤቱ የገባ ዕለት ግን ለሌላው ሲያድለው የኖረው ምክርና ተግሣጽ ሁሉ ከልቡ ይሰወርበታል፣ የራሱንም ፍርሃት እምነት ብሎ ይሰይመዋል። በቀደመው ዘመን ከማይ ወይኒ ወንዝ በላይ ባለች ደጋማ መንደር፣ በጥቂት ካቶሊካውያን ምእመናን መካከል የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በነበረው በዘርአ ሰንበት ላይ የደረሰው ጽኑ ኀዘን ይህንኑ ያስረዳል።

ካህኑ አባ ዮስጢኖስ ከወንዙ ወዲያ ተቀምጠው ለቅዳሴ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይሻገሩ ስለ ነበረ፣ ሕፃናትን ማስተማር፣ ሕሙማንን መጐብኘት፣ መቍጠሪያ ማስደገም የዘርአ ሰንበት ፈንታ ነበረ። ይህ ትጉህና ጭምት ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ካስተማረው ትምህርት አንዱ፣ ነፍስ ለመውጣት ስትቃረብ ካህን ከታጣ ወንድ ቢሆን ሴት ማንም ሰው ውሃ አፍስሶ የሥላሴን ስም ጠርቶ ማጥመቅ እንደሚገባው፣ በዚያች ሰዓት በሀገሩ ልማድ ለሴት ልጅ ጥምቀት የተወሰነውን ሰማንያ ቀን እጠብቃለሁ ማለትም ታላቅ በደል እንደ ሆነ ነበር። ይህንንም የመንደሩን አዋላጆች ሁሉ በቃል አስጠንቷቸው ነበር።

እግዚአብሔርም ከዐሥራ አንድ ዓመት ልመናና እንባ በኋላ ለዘርአ ሰንበትና ለሚስቱ ለለተ ሚካኤል ሴት ልጅ ሰጣቸው፤ ገና ሳትጠመቅም ወለተ ሐና ትባል ዘንድ ስሟን ቈረጡላት። በተወለደች በስልሳ ሁለተኛው ቀን፣ ሐምሌ በከበደበት ሰሞን፣ ሕፃኒቱን ብርቱ ትኩሳት ያዛት፤ ሲነጋም ጡት ተወች፣ ዓይኗንም መግለጥ አቃታት። ያን ጊዜ ለተ ሚካኤል ከማሰሮው በጣሳ ውሃ ቀድታ በባልዋ ፊት ቆመች።

«ለሰው ሁሉ የሚያስተምሩት ለእኛ ልጅ አይሆንም? ያጥምቋት እንጂ።»

«አይሆንም» አላት ዘርአ ሰንበት፣ ፊቱን አዙሮ። «እኔ ውሃ ካፈሰስሁባት ሞቷን ተቀበልሁ ማለት ነው። የሰጠን እግዚአብሔር አይነሣንም፤ በእርሱ ታመኚ። አባን አመጣለሁ፣ ሰማንያ ቀንዋም ሲሞላ በቤተ ክርስቲያን በወግ ትጠመቃለች። እስክመለስ ማንም እንዳይነካት!»

እርስዋም እንደ ዘመኑ ሴቶች ለባልዋ ቃል ታዛዥ ነበረችና ጣሳውን መሬት ላይ አኖረችው። እርሱ ጭቃውን እየዳከረ፣ እየወደቀና እየተነሣ፣ መቍጠሪያውን በአንገቱ አጥልቆ ቍልቍለቱን ወረደ፤ ማይ ወይኒ ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እያንከባለለ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጠበቀው። ጮኸ፣ ከማዶ የሚሰማው አልነበረም፤ ሊገባ ሞከረ፣ ማዕበሉ አንሥቶ ወደ ዳር ወረወረው። በዚያም በጕልበቱ ተንበርክኮ፣ የማያሻግረውን ውሃ እያየ፣ በቤቱ የተወውን አንድ ጣሳ ውሃ አሰበ፤ እምነት ብሎ የጠራው ነገር የአባት ፍርሃት ብቻ እንደ ነበረ በዚያች ቅጽበት ገባውና እንደ እብድ እየጮኸ ዳገቱን ሮጠ።

ሲደርስ ለተ ሚካኤል ሕፃኒቱን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ጆሮውን በሕፃኒቱ ደረት ላይ አኖረ፤ የራሱ ልብ ከሩጫው የተነሣ እንደ ነጋሪት ስለሚመታ የእርሷን መለየት አልቻለም። ገላዋ ገና ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሕይወት ይሁን የትኩሳቱ ትራፊ ማን ያውቃል? የሞት ነገር በሚያጠራጥርበት ጊዜ ይባል ዘንድ ራሱ ለሌሎች ያስተማረው ቃል ነበረና፣ ጣሳውን አንሥቶ በግንባሯ ላይ እያፈሰሰ፣ «በሕይወት ካለሽ፣ ወለተ ሐና፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» አለ። ሕፃኒቱ አላለቀሰችም፣ አልተንቀሳቀሰችምም።

«ደረሱላት?» አለችው ሚስቱ።

«አላውቅም።»

«የባዕድ ልጅ ብትሆን ኖሮ ጧት ያጠምቋት ነበር» አለች፤ ከዚህ ሌላ ክፉ ቃል እስከ ዕለተ ሞቷ አልተናገረችውም፣ እርሱም ይህን አንዱን ሊረሳው አልቻለም።

ሕፃኒቱ ከተቀበረች በኋላ፣ ወንዙ ጐድሎ አባ ዮስጢኖስ በዘጠነኛው ቀን ሲሻገሩ ዘርአ ሰንበት በእግራቸው ላይ ወድቆ የሆነውን ሁሉ ተናዘዘ። ሽማግሌው ካህን ከኃጢአቱ ፈቱት፤ ልጄ ተጠምቃለችን ብሎ ሲጠይቃቸው ግን «ልጄ፣ አንተ ያላወቅኸውን እኔም አላውቀውም፤ የሚያውቀው ግን ከአንተ ይልቅ ይወዳታል» ብለው የጥምቀቱን መዝገብ ገለጡና ወለተ ሐና ብለው ጻፉ። ዘርአ ሰንበትም እስኪያረጅ ድረስ ማስተማሩን አልተወም፤ ነገር ግን ካህን በታጣ ጊዜ ስለ ማጥመቅ ከሚናገረው ትምህርት ላይ በደረሰ ቍጥር የወለተ ሐናን ነገር ሳይሸሽግ ለተማሪዎቹ ይነግራቸው ነበር፤ በእጁ የያዘውን ጸጋ ያዘገየ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በምሕረት ብቻ ነውና፣ ምሕረትም መልስ ሳትሰጠው ታኖረዋለች።