የበንቲ መርዶ

መጻሕፍቴን ለቴሌቪዥን ሊሠሯቸው ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ፣ ድርሰቴን እንደ ቅርጫ ሥጋ ከበው ሲመድቡት መመልከት ሆነ።

ሦስቱ መጻሕፍት በንቲ ስለሚባል ልጅ ናቸው። ከተራራው ማዶ ስም የሚበላ ንጉሥ አለ። ስሙ የተበላበት ሰው ጭጋግ ይሆናል፤ የሚወደው ሰው ጮክ ብሎ በስሙ እስኪጠራው ድረስ ጭጋግ ሆኖ ይኖራል። በንቲ እነዚህን ሰዎች ሊያስመልስ ክንፍ ባለው ፈረስ ይሄዳል። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ እሱም ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ኮሚቴ ንጉሡን ባላባት አደረገው፤ ስም መብላቱን ትቶ የገበሬ እህል እንዲበላ ተወሰነ። የፈረሱን ክንፍ ቆረጡት፤ ጥቂት ቆይተው ፈረሱንም ሰርዘው ትራክተር አደረጉት። ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ አንድ ቀንም በሩን ደርግሜባቸው ወጣሁ። «ጓድ ጫልቱ፣ ረጋ በይ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ረጋ በይ ሲሉኝ ይብስብኛል።

መጨረሻው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን መከራከሬን ተውኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ «ልጁ የት ነው የገባው?» አለኝ።

«ጠፋ።»

«በአብዮታዊት አገር ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም። ወይ ይመለሳል፣ ወይ ለሰፊው ሕዝብ ይሠዋል። ይሠዋና ለእናቱ መርዶ ይነገር።»

የእኛ ቤት ልጅ ዝም ብሎ ነው የጠፋው።

ታናሽ ወንድሜን ነገሪን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ወሰዱት። እናቴ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሰሃኑን እንደ ሞላ መለሰላትና «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የዚያኑ ዕለት የቀበሌ አብዮት ጥበቃ በራችን ላይ ቆሞ፣ ለፀረ አብዮት ለቅሶ መቀመጥም ጥቁር መልበስም ክልክል መሆኑን ነገረን። እናቴ አላለቀሰችም። ከዚያም ወዲህ እንባዋን አላየሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የነገሪን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ታሰጣለች፤ ሲመሽ አራግፋ ታስገባለች። ይመጣል ብላ እንደምትጠብቅ አልተጠራጠርኩም። ማንበብ ስለማትችል መጻሕፍቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ስጨርስላት፣ «ታዲያ የሚጠራው የለም?» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ የፈራሁት ያንን ተስፋዋን እንዳልሰብረው ነው። ስለ መርዶው ትንፍሽ አላልኩላትም።

የፊልሙ አዘጋጅ በኃይሉ ይባላል፤ ችኩል፣ ግን ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ለመርዶው ትዕይንት አሮጌ ግቢ ሲያፈላልግ መካኒሳ አቦ ያለው ቤታችን ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሳያማክረኝ ከቀበሌ ፈቃድ አስጽፎ መጣ። የሦስት ቀን ፈቃድ ነው፤ ለቅሶ የሚመስል ነገር ስላለበት አብዮት ጥበቃ በሩ ላይ እንዲቆም ይላል። ልገድለው ደረስኩ። ማኅተም ያረፈበትን ነገር ግን ማን እምቢ ይላል? «እሺ፣ መርዶው የአቦ ዕለት ይሁን» አልኩት። የአቦ ዕለት እናቴ ሌሊት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትውለው።

በኃይሉ አልቃሾቹን የመለመለው ከዚያው ከሰፈራችን ነው። ሙሾ በማውረድ የታወቁትን እትዬ ተናኘወርቅንና ስምንት ያህል ሴቶችን ሰብስቦ፣ «ልክ እንደ እውነተኛው ይሁን። ጎህ ሲቀድ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ኑ» አላቸው። እነሱም እንደ ታዘዙት መጡ። መርዶ የሚሄድ ሰው ደግሞ የት ነው፣ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ መከተል ነው። አንዷ አይታ ወጣች፣ ባሏ ጋቢውን ደርቦ ተከተላት፣ የጎረቤቱም በር ተከፈተ። በኃይሉ ግቢው ሲሞላ አይቶ «ሕዝቡ እንዴት ይተባበራል!» እያለ እጁን ያፋትጋል። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁ። ማንም እየተጫወተ አልነበረም። ጭራሽ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው መጥተዋል።

ወሬው አቦ ደጃፍ ደርሶ ኖሮ እናቴ ቅዳሴው ሳያልቅ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሮጬ ክንዷን ያዝኳት።

«እማዬ፣ የውሸት ነው! ፊልም ነው! የመጽሐፉ ልጅ፣ የበንቲ መርዶ ነው!»

እኔን አላየችኝም። ካሜራውን አየች፣ መብራቱን አየች፣ ከዚያ በር ላይ መሣሪያ ይዞ የቆመውን ጥበቃ አየች። ወጋየሁ ነው። ያኔም በራችን ላይ የቆመው እሱ ነበር።

«ወጋየሁ» አለችው። «ዛሬ እዚህ ቤት ማልቀስ ተፈቅዷል?»

ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ለፊልሙ... አዎ፣ እትዬ ዘነቡ። ማኅተም አለው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሦስት ቀን።»

«ይበቃኛል» አለች።

ቤት ገብታ የነገሪን ፍራሽ እየጎተተች አወጣችና ግቢው መሀል አነጠፈችው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ተቀመጠች፣ «ነገሪ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ ነገሪ!»

ለካ መሞቱን ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ማልቀሻ ቀኗን ነው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እኔም ስሙን ጠራሁ። እትዬ ተናኘወርቅ ሙሾውን ተቀበሉ። ከኋላ አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ቀጥሎ ሌላዋ የወንድሟን። በየጓዳው ታፍኖ የኖረ ስም ሁሉ ወጣ።

ወጋየሁ ወደ በኃይሉ ተጠጋ። «ልጁ በንቲ ነው አላላችሁም?»

በኃይሉ አንዴ ወደ እኔ አየ። «ስሙ ተቀይሯል» አለ። «ኮሚቴው ነው የቀየረው።»

«የሌሎቹስ?»

«እነሱም በድርሰቱ ውስጥ አሉ።»

እኩለ ቀን ላይ በኃይሉ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቆይ ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድኩ። የካሜራው ጥቅል ፊልም አልቆበታል።

«ታዲያ መብራቱን ለምን አታጠፋውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«መብራቱ ከጠፋ ይበትኗቸዋል» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

ያ ክፍል በቴሌቪዥን አልታየም። በኃይሉ ግን ሦስቱ ቀን እስኪሞላ ከባዶው ካሜራ ኋላ ቆሞ፣ ወጋየሁ ቀና ባለ ቁጥር እጁን ከፍ አድርጎ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ!» ይል ነበር።