የሙሴ ያኒ ቀይ አልፋ

አይ፣ አትንኪያት፣ ገና ነው፣ መጀመሪያ መዞር ነው፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የጎረቤት ግድግዳ እንደሚያይ ሰው፣ ይህቺ ቀይ ነገር ልቧን አንጠልጥላ እንደያዘችው ማንም ማወቅ የለበትም፣ ካሣ ማወቅ የለበትም፣ ሻጩ ሙሴ ያኒ ማወቅ የለበትም፣ እዚያ ኒም ዛፉ ጥላ ስር ወንበር ተሰጥቷቸው ከዘራቸውን የተደገፉት ግራዝማች ኃይለጊዮርጊስም ቢሆኑ ማወቅ የለባቸውም። ሸዋገነት መኪናዋን ትዞራለች። ቀይ። ጣሪያ የላት፣ የኋላ ወንበር የላት፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ አፍንጫዋ ከሌላው ሰውነቷ የረዘመ፣ አቤት፣ አቤት አንቺ፣ ዝም በይ ሸዋገነት፣ ፊትሽን ሰብስቢ።

ካሣ ቆሟል፣ የሽመንደፈር፣ የባቡሩ ኮንትሮለር ኮፍያውን እንዳደረገ፣ ትኬት የሌለው ተሳፋሪ ያገኘ ይመስል ፈገግ ብሎ፣ የባሏ ወንድም፣ የሟቹ የሀብተ ማርያም ታናሽ፣ ሀብቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ሴት የያዘችውን ትሸጥ ይሆናል እንጂ መግዛት አትችልም፣ ነጋዴ ሁሉ ያሞኛታል፣ የቆዳ መጋዘኑን እኔ ልያዝላት እያለ ሲዞር ኖረ፣ ልያዝላት ይላል ደግሞ፣ ጃንጥላ ይመስል። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ግራዝማች ፈረዱ፣ አንድ ትልቅ ነገር በራሷ ዓይን አይታ በራሷ አፍ ተደራድራ ትግዛ፣ ካሣ ቆሞ ይይ ግን እንዳይናገር፣ ከተሞኘች መጋዘኑ በካሣ እጅ ይግባ፣ ካልተሞኘች ካሣ ሁለተኛ የመጋዘኑን ደጅ እንዳይረግጥ። ሁሉም ካሚዮን ትገዛለች ብሎ ጠበቀ፣ ወይ ወፍጮ፣ እሷ የሙሴ ያኒን አልፋ፣ ፈጣኗን የጣሊያን መኪና አለች፣ ግራዝማችን ሳል ያዛቸው፣ ካሣን ደስ አለው፣ ደስ ሲለው አይታዋለች።

ምክንያት አላት። ጅጅጋ ገበያ ማልዶ የደረሰ ጥሩ ጥሩውን ቆዳ ያነሳል፣ አርፍዶ የደረሰ መዥገር የበላውን ይለቅማል፣ እሷ ደግሞ በሰው ካሚዮን ጋቢና ደንገጎ ዳገት ላይ ስታቃስት እያደረች ሁልጊዜ ከአርፋጆቹ ጋር ናት፣ ፈጣን መኪና ካላት ቀድማ ደርሳ ትገዛለች፣ ጭነቱ በኋላ በኪራይ ይመጣል፣ ለሽማግሌዎቹ ያስረዳችው ይህንን ነው፣ እውነቷን ነው። ሌላውን አልነገረቻቸውም። ገና ሙሽራ ሳለች፣ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ተሸክማ ወደ ለገሀር፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ስትወርድ፣ ይህቺው መኪና በአጠገቧ ሽው ብላ አለፈች፣ የሚነዳት ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያን ነበር፣ ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ ሻሿ ይውለበለባል፣ አብሯት የነበረችው ሴት የታደለች አለች ሴትየዋን አይታ፣ ሸዋገነት ግን በሴትየዋ አልቀናችም፣ የቀናችው በመሪው ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል፣ ለግራዝማች?

አቦ ሸዋዬ፣ ይላል ሙሴ ያኒ፣ አስመራ ላይ ውድድር ያሸነፈች ናት፣ እንዲህ ያለች በአገሩ ሦስት የለችም፣ ባገሬ ቢሆን መስታወት ቤት አስገብተው በገንዘብ ነው የሚያሳዩዋት፣ አራት ሺህ ብር፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሻለቃ ከሐረር ሊያያት ይመጣል፣ ወላሂ። ግሪክ ሆኖ ወላሂ ይላል፣ ሠላሳ ዓመት ድሬ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊል ኖሯል፣ ሻለቃው ይምጣ፣ ሻጭ ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሻለቃ አለው። ጎንበስ ትላለች፣ በሩን በፀሐዩ አግድም ታየዋለች፣ ቀለም የተነከረ ቆዳ እንደምታየው፣ አዎ፣ ከቀዩ ስር ነጭ ክብ አለ፣ በክቡ ውስጥ ሰባት ቁጥር፣ በቀለም ተሸፍኗል እንጂ አልጠፋም፣ ስለ ውድድሩስ አልዋሸም ማለት ነው፣ ለልቧ ጥሩ፣ ለዋጋው መጥፎ። የጎማ መሸፈኛውን፣ ፓራፋንጎውን፣ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፣ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ደነቆረ፣ ስቱኮ ተሞልቶበታል፣ ተመትታ ነበር፣ ትንሽ፣ ይሁን። ጎማዎቹ አልቀዋል። ኮፈኑን ክፈተው። የዘይት መለኪያውን መዝዛ በሁለት ጣቷ ታሻዋለች፣ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል ብሎ ሀብቴ ያኔ በነበረው አሮጌ ካሚዮኑ ላይ አሳይቷታል፣ መንዳቱንም በዚያው ነው ያስተማራት፣ ይህ ዘይት ደህና ነው። አስነሳው እስቲ። ያስነሳዋል።

እናቴ ድረሽ።

ድምፁ በመሬቱ በኩል ገብቶ ጉልበቷ ላይ ይወጣል፣ ወፍራም፣ እኩል፣ የሚያስል የለ የሚያነክስ የለ፣ ደስታው ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ሊያፈተልክ ሲል ትውጠዋለች፣ ትንሽ ይንተፋተፋል ትላለች ድምጿን አድርቃ፣ ካሣ ይስቃል፣ ይሳቅ፣ ሙሴ ያኒ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ይንተፋተፋል? ይቺ? አቦ ተይ እንጂ።

እሺ፣ ወንበሩ። እዚህ ላይ ነው ሙሴ ያኒ የተሳሳተው፣ ምስኪን፣ ሞተሩን ለሻለቃው አዘጋጀ፣ ቀለሙን ለግራዝማች አዘጋጀ፣ ወንበሩን ግን ለቆዳ ነጋዴ አላዘጋጀም። ጠይም የጣሊያን ቆዳ፣ ያብለጨልጫል፣ ከሚገባው በላይ ያብለጨልጫል፣ ስብ ጠጥቷል፣ ለምን ጠጣ፣ ደህና ቆዳ ይህን ያህል አይጠማውም። ስፌቱን ታያለች፣ ክሩ ቀዳዳውን ወደ ጎን ጎትቶታል፣ ተኮማትሯል፣ ውሃ ጠግቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ዝናብ ይሆን፣ አይደለም፣ ዝናብ ከላይ ይመታል፣ ይህ ከታች ወደ ላይ የወጣ ነው፣ መደገፊያው ወገብ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ትቶ የቆመ። ትራሱን ቀና አድርጋ እጇን ከስር ትሰዳለች፣ ከሽቦዎቹ ጥግ፣ ልስልስ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ፣ ደለል፣ የደቻቱ ደለል፣ ድሬ ያደገ ሰው በእጁ ዳብሶ ያውቀዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ግመል የሚያስተኛ ወንዝ አንድ ቀን ከተራራው ተቆጥቶ ይወርዳል፣ ካቻምና ክረምት የሙሴ ያኒን ጋራዥ ግንብ ይዞ ሄደ፣ ያን ሰሞን መኪናዋ እግዜር ሲላት ሐረር ነበረች ብሎ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። ሐረር አልነበረችም። እዚሁ ነበረች፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ፣ አይ ሙሴ ያኒ፣ አይ አንተ።

ደለሉን በጣቶቿ ቆንጥራ እጇን ትጨብጣለች። ትጩኸው? ግራዝማች ይምጡና ይዩ፣ ይቺ መኪና ጎርፍ የበላት ናት፣ ማን ነው የሚሞኘው አሁን፣ ካሣ ይናገር እንግዲህ። አፏ ላይ ደርሷል። ቆይ ግን፣ ቆይ፣ ብትጮህ ምን ይሆናል፣ ካሣ ሬሳ መርጣ መጣች ይላል፣ ግራዝማች ተዪው ልጄ ካሚዮን እንፈልግልሽ ይላሉ፣ ሙሴ ያኒ በከተማው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል፣ ነገ የሚሸጠው ነገር የሚገዛው አያገኝም፣ እሷም ባዶ እጇን ቤቷ ትገባለች። ዝም ብትልና አራት ሺህ ብትሰጥ ደግሞ ተሞኘች፣ አለቀ፣ መጋዘኑ ሄደ። መኪናዋ ግን ጤነኛ ናት፣ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች፣ ሞተሩን ፈትቶ አጥቦታል፣ አሳምሮ አጥቦታል፣ የቀረው ሽቦና ወንበር ነው፣ ወንበር ደግሞ ለማን፣ እንደሷ ያለ ቆዳ ማን አለውና። አራት ሺህ ግን አትሆንም። ግማሽ ትሆናለች።

ሙሴ ያኒ፣ በእጅ እንነጋገር ትለዋለች።

ፊቱ ይበራል፣ በእጅ? አቦ በእጅ ይሁን፣ እሱም ፍየልና በግ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው፣ ያውቀዋል፣ ግራዝማችም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በመጋላ የከብት ገበያ ሰው ሁሉ ከቦ ቆሞ ሳለ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይደራደራሉ፣ የተያዘው ጣት ቁጥሩ ነው፣ ዋጋውን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ካሣ ብቻ ነው የተቆጣው፣ ይሄ የመኪና ገበያ ነው ወይስ የፍየል ይላል፣ ካሣ አትናገር ተብለሃል ይሉታል ግራዝማች። ሸዋገነት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለቱ እጆች ላይ ትጥለዋለች። ይህን ያስተማረቻት ፋዱሞ ናት፣ የፍየል ነጋዴዋ፣ ፊትሽን እንደ ሱቅ ዝጊው ወላሂ፣ ጣትሽ ብቻ ያውራ ትላት ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፣ ፋዱሞዬ።

አራት ጣቷን ይጨብጣል። አራት ሺህ። ትልቅ፣ ላብ ያለበት እጅ ነው፣ እርግጠኛ እጅ። እሷ ቁጥር አትመልስም። መዳፉን ቀስ ብላ ትገለብጣለች፣ ደለሉን የጨበጠችውን ሌላ እጇን ከነጠላው ስር አስገብታ ጣቶቿን ትፈታለች፣ ደለሉን መሃል መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ከዚያ የገዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ በላዩ ታጥፍለታለች። ዓይኑን ታያለች። መጀመሪያ አልገባውም፣ አውራ ጣቱ ሲያሸው ይሰማታል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ቆመ። ገባው። ዓይኑ ወደ ግራዝማች ሄደ፣ ወደ ካሣ ሄደ፣ ተመልሶ እሷ ላይ አረፈ፣ ትነግሪያለሽ? ይላል ዓይኑ፣ ነጠላው ስር የገባ ነገር ነጠላው ስር ይቀራል፣ አልነግርም ብላ ራሷን በትንሹ ብቻ ነቀነቀች። እጁ ተፍታታ። ሦስት ጣት። እንቢ። ሁለቱን ትይዝለታለች፣ አጥብቃ። በጥፍሩ የጣቷን መሃል ይጭራል፣ ከሁለት ላይ ግማሽ ጨምሪ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ አትጨምርም፣ ሁለቱን ጣት ይዛ ዝም፣ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ያርፋል፣ ዝም፣ አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ በሶማሊኛ እየዘፈነ ያልፋል፣ ዝም፣ ውስጧ ግን እልል እያለ ነው፣ ስጠኝ፣ ስጠኝ ያኒ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሙሴ ያኒ ከሆዱ ተነፈሰ። ሁለት ጣቷን ጨብጦ አንዴ ወደ ታች ነቀነቃት። አለቀ። ሁለት ሺህ። ሰጠ። የኔ ናት። የኔ፣ የኔ፣ የኔ!

ነጠላውን አንስታ ትከሻዋ ላይ ትጥለዋለች። ካሣ ይንደረደራል፣ ስንት ነው፣ ስንት ሰጠሽው። ግራዝማች ከዘራቸውን ያነሳሉ፣ በእጅ ያለቀ ዋጋ አይጠየቅም፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ሙሴ ያኒ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ይህቺ ሴት ተሞኝታለች ወይስ አልተሞኘችም። ሙሴ ያኒ ያማትባል፣ አንዱ እጁ ግን ደለሉን እንደጨበጠ ኪሱ ውስጥ ቀርቷል። ግራዝማች፣ ይላል፣ ዛሬ በዚህ ግቢ የተሞኘ ሰው ካለ እኔው ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያደረገኝ የለም፣ ወላሂ። ማርያምንም ወላሂንም አንድ ላይ። ግራዝማች ይስቃሉ፣ በል ካሣ፣ ቃል ቃል ነው፣ የመጋዘኑን ደጅ እርሳው። ካሣ ኮፍያውን ያወልቃል። ሸዋገነት ቀና ብላ ታየዋለች፣ ይህችን ደቂቃ ስንት ጊዜ አስባታለች፣ ስትተኛ፣ ጨው ስትነሰንስ፣ የምትለው ተዘጋጅቶ ነበር፣ ቃል በቃል፣ አሁን ግን አንዱም አልመጣም፣ ደስታው አፏን ሞልቶታል፣ ለስድብ ቦታ የለውም።

ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ ገንዘቡን ነገ ባንክ ቤት፣ ተስማምተዋል። ትገባለች። ዝቅ ያለ ነው፣ የደረቀው ቆዳ ከስሯ ይንጫጫል፣ ቆይ አንተን ደግሞ እለውጥሃለሁ፣ ጫማዋን አውልቃ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ትረግጣለች፣ ቀላል ነው፣ ከካሚዮኑ ይልቅ ቀላል፣ መሪው ቀጭን ነው፣ ትኩስ ነው፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ፣ አትለቀውም። ትነሳለች። ከበሩ ስትወጣ ካሣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሸዋዬ ይላል፣ ሸዋዬ ካላት ሁለት ዓመቱ፣ ባቡሩ ሊነሳብኝ ነው፣ ለገሀር ድረስ ታደርሺኛለሽ? ታደርሺኛለሽ፣ ጠየቃት እኮ፣ አላዘዛትም፣ ጠየቃት። ንዴቷን ትፈልጋለች፣ ነበረ፣ የት ሄደ፣ የለም። ግባ።

በዝቅተኛው በር ተጣጥፎ ይገባል፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ፣ ኮፍያው ደረቱ ላይ። የከዚራ ሰፈር ጥላ በላያቸው ይሮጣል፣ ኒም፣ ፀሐይ፣ ኒም፣ ፀሐይ፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ብድግ ይላል፣ ያቺ የሀብተ ማርያም ሚስት አይደለችም እንዴ፣ ናት፣ ሸዋገነት ናት፣ ቆዳ ነጋዴዋ፣ ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፎ ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ ይውሰደው፣ ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ካሣ ሁለት እጁን በሩ ላይ ተክሎ ቀስ በይ ይላል፣ ከዚያ ቀስ በይ ማለቱን ይተዋል፣ ከዚያ በጎን አየት ስታደርገው እሱም ጥርሱ ታይቷል። ለገሀሩ በፊታቸው ይመጣል፣ ቢጫው ግንብ፣ በረንዳው፣ ሰዓቱ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ይደርሳል፣ ከጎናቸው ይሆናል፣ ከኋላቸው ይሆናል።

ሸዋዬ፣ ለገሀር አለፈን።

አለፈን፣ ዞሬ አደርስሃለሁ ትለዋለች፣ ማርሽ ትቀይራለች።